ነጭ ሸማ፣ ውርጭና የሚላጥ ቀለም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቻችን በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ትንንሽ ወታደሮችን የሚቀቡ ሰዎች ናቸው። ከደጋውም ከቆላውም የደረሰን አቤቱታ አብዛኛው ወይ በአየሩ ጠባይ ወይ በነጭ ቀለም ላይ ያተኮረ ስለሆነ ሰፋ ያለውን ቦታ ለእነዚህ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በኅዳር ማለዳ ግቢ ውስጥ በስፕሬይ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) የቀባኋቸው ወታደሮች ግማሾቹ ነጠብጣብ ሆኑ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሻከሩ። ጣሳው ተበላሽቶ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በጣሳው አይፍረዱ። የሁለቱ ጉድለቶች ምክንያት ለየቅል ነው። ቀለሙ ተንጠባጥቦ እዚህም እዚያም ነጥብ ሠርቶ ካረፈ ጣሳው ቀዝቅዟል ማለት ነው። ቅዝቃዜ የገፊውን ጋዝ ግፊት ስለሚያወርደው ቀለሙ በደንብ ሳይበተን ይወጣል። አቧራ የተነሰነሰበት መስሎ ከሻከረ ግን ቀለሙ ወታደሩ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ደርቋል። ይህ የሚደርሰው ከሩቅ ሲነፋ፣ ነፋስ ሲኖር ወይም አየሩ በጣም ሲደርቅ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ በበጋ ማለዳ ውርጩም ደረቁ ነፋስም አብረው ስለሚገኙ ሁለቱን ጉድለቶች በአንድ ቀን ማየትዎ አይገርምም።

ውርጩ እስኪለቅ ይጠብቁና ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሥሩ። ጣሳውን እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ያቁሙት። ምድጃ ወይም ከሰል አጠገብ ግን ፈጽሞ አያስጠጉት፣ ይፈነዳል። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይናጡት። ወታደሮቹን በጣውላ ላይ በሁለት በኩል በሚለጥፍ ፕላስተር ደርድረው አንድ ጎኑ በተከፈተ ካርቶን ውስጥ ያስገቧቸው፤ ካርቶኑ ነፋሱን ይከላከላል። ርቀቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መንፋት የሚጀምሩት ከወታደሩ ውጭ፣ የሚያቆሙትም ካለፉት በኋላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ቀለሙ ተጠራቅሞ ዓይንና ጣቱን ይደፍናል። በአንዴ ለመሸፈን አይሞክሩ፤ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቅብ ይበቃል። የሻከሩትን ሙሉ በሙሉ ከደረቁ በኋላ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቢቦርሿቸው ብናኙ አብዛኛው ይለቃል።

አክሪሊክ ቀለሞችዎንም ሌሊት በረንዳ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አያሳድሩ። አክሪሊክ በውሃ የተሠራ ስለሆነ አንዴ በረዶ ከሆነ ውህዱ ይፈርሳል፣ ይጓጉላል፣ ተመልሶም አይስተካከልም። ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል ውስጥ የተቀባ አክሪሊክ ደግሞ የደረቀ ይመስላል እንጂ አይያያዝም፤ በኋላ በጣት ሲነካ ይረግፋል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ቀለሙን አየር ላይ የሚያደርቀው ሙቀቱ ስለሆነ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሳትርቁ ንፉ።

ጥያቄ፦ የዓድዋን የሸዋ ጦር በ28 ሚሊ ሜትር ልክ (የወታደሩ ቁመት ነው) እየቀባሁ ነው። ሸማቸው ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለብኝ። ቡናማ ጥላ (በውሃ የቀጠነ ቀለም) ሳፈስበት ደግሞ ቆሸሸ። ፊታቸውም አመድ የነካው ይመስላል። ምን ላድርግ? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል፤ ጦሩን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ሸማው ስለሆነ በዝርዝር እንመልሳለን።

ነጭ የሚከብደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ስለሆነ ሰው በወፍራሙ ይለቀልቀዋል፤ ወፍራም ነጭ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ እጥፋቱንም ይሞላል። ሁለተኛ፣ ከንጹሕ ነጭ የሚበልጥ ብርሃን የለም። ከእሱ ከጀመሩ እጥፋቱን ከፍ አድርገው የሚያሳዩበት ቀለም ያልቅብዎታል። ስለዚህ ንጹሕ ነጭ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በጥቂቱ የሚነካ ቀለም ነው።

ፕራይመሩ ቀላል ግራጫ ይሁን፤ በጥቁር ላይ ነጭ መቀባት ትርፉ ድካም ነው። መነሻ ቀለሙን ከአራት እጅ ነጭና ከአንድ እጅ ቢጫማ ቡናማ ያዘጋጁ። ጠብታ በሚያወጣ ጠርሙስ የሚሸጥ እንደ ቫሌሆ ያለ ቀለም ከሆነ ለሁለት ጠብታ ቀለም አንድ ጠብታ ውሃ ይበቃል። በቱቦ የሚሸጠው የሠዓሊ አክሪሊክ ወፍራም ስለሆነ እኩል በእኩል ያቅጥኑት። ልኩን ለማወቅ ጋዜጣ ላይ አንድ መስመር ይሳቡ፦ ፊደሉ ከሥሩ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ልክ ነው፤ ጨርሶ ከጠፋ ወፍራም ነው፤ ቀለሙ ከሸሸና ከተንጠባጠበ ውሃ በዝቷል። አንዱን ቅብ ቀብተው የእርጥበቱ ብልጭታ እስኪጠፋ ይጠብቁና ሁለተኛውን ይድገሙ። ሳይደርቅ ከደገሙት ብሩሹ የመጀመሪያውን ይልጠዋል።

አሁን ጥላው። ሸማውን ያቆሸሸብዎ ቡናማው ሙሉውን ወታደር እንዲያለብስ መተውዎ ነው። ለነጭ ልብስ ጥላ የሚገባው እጥፋቱ ውስጥ ብቻ ነው። ግራጫማ ቡናማ ቀለም አንድ እጅ፣ ውሃ አምስት ወይም ስድስት እጅ ያዋህዱ። ብሩሹን ነክረው ሶፍት ላይ አንዴ ያስነኩት፤ ይህች ንክኪ ካልተደረገች ፈሳሹ ይተኛና ሲደርቅ ዳር ዳሩን ቡናማ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ በጫፉ ብቻ የእጥፋቱን ጎድጓዳ ይከተሉ። ያመለጠውን በመነሻ ቀለሙ ያጽዱ። ቀጥሎ የመነሻ ቀለሙን ከእኩል ነጭ ጋር አዋህደው የእጥፋቱን ጀርባ ይቀቡ። ንጹሑን ነጭ ትከሻው አናት ላይ፣ ክንድ ላይ የተጣለው ጠርዝ ላይና ብርሃን በሚመታው አንድ ሁለት እጥፋት ላይ ብቻ ይንኩ።

ይህ ሞቅ ያለ ነጭ ከታሪኩም ጋር ይሄዳል። የምኒልክ ጦር በጥቅምት 1888 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ሲዋጋ ልብሱ የአራት ወር ጉዞ አቧራ ያየ ነበር። ስለዚህ ከሸማው ግርጌ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ላይ በደረቅ ብሩሽ (ቀለሙ በሶፍት ተጠርጎ ጥቂት ብቻ በቀረበት ብሩሽ) ፈዛዛ ቡናማ ይንኩት። ባዶ እግራቸውም ላይ ያው አቧራ ይድረስ።

ጃኖ የለበሰ አለቃ ካለ ቀዩን ጥለት ነጩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሥሩ። ሁለቱን ዳር በቀጭን ቀይ ቡናማ መስመር ያስምሩ፤ ስፋቱ በዚህ ልክ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። መሐሉን በጠቆር ያለ ቀይ ይሙሉ። መስመሩ ከእጥፋቱ ጋር መውረድና መውጣት አለበት፤ ቀጥ ብሎ ካለፈ ሸማው ጠፍጣፋ ይመስላል። ለማድመቅ ቀዩ ላይ ብርቱካንማ ይጨምሩ እንጂ ነጭ አይጨምሩ፤ ነጭ ሮዝ ያደርገዋል።

ፊትን አመድ የሚያስመስለውም ይኸው ነጭ ነው። መነሻው ቀይ ያለበት ጥቁር ቡናማ ይሁን፤ ለማብራት ቢጫማ ወይም ብርቱካንማ ቡናማ እየጨመሩ ወደ ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ይውጡ። የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት እንዳይሆን ለአሥር ሰው ሦስት የተለያየ ድብልቅ ያዘጋጁ፤ ጠይም፣ ቀይ ዳማና ጥቁር። ዝናሩን ቀይ ቡናማ፣ የጠመንጃውን እንጨት ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ አድርገው ይለዩ። ጋሻው ንጹሕ ጥቁር ሳይሆን በጣም የጠቆረ ቡናማ ይሁን፤ የብር ጌጡ መጨረሻ ላይ ይነካል። ጎራዴ የሚጨምሩለት ሰው ካለ በቀኝ ጎኑ ያድርጉለት፤ የሀገራችን ጦረኛ አታጣጠቅ በቀኝ ነው።

አሥር አሥሩን በአንድ ላይ ይሥሩ፤ አንድ ቀለም ለሁሉም፣ ከዚያ ቀጣዩ። እያንዳንዱን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ በትንሽ ሱፐር ግሉ ቢያጣብቁት ወታደሩን ራሱን ሳይነኩ ይዘው መቀባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በ1/72 ልክ የተሠሩ ለስላሳ ፕላስቲክ ወታደሮች አሉኝ። ጦራቸውና ጠመንጃቸው ላይ ያለው ቀለም ባጎበጥኳቸው ቁጥር ይላጣል። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ፕላስቲኩ ይታጠፋል፣ ቀለሙ ግን አይታጠፍም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከፋብሪካ የመጣ ቅባትም ላዩ ላይ አለ። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ አድርቁ፤ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኳቸው። የጎበጠ ጦር ካለ ሊፈላ በደረሰ ውሃ ውስጥ 10 ሰከንድ ያህል አቆይታችሁ አቅኑትና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ እንደ ቀና ይቀራል። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ይህ ፕላስቲክ ይጎለጉላል እንጂ አይለሰልስም። ትርፍ ጠርዙን በአዲስ ምላጭ ቁረጡ።

ቀጥሎ ነጩን የእንጨት ኮላ ከእኩል ውሃ አዋህዳችሁ ሙሉውን ወታደር ቀቡና አሳድሩት። ኮላው ሲደርቅ አብሮ የሚታጠፍ ቆዳ ይሆንላችኋል። በላዩ አክሪሊክ ብቻ ተጠቀሙ፤ የዘይት ቀለም ሲቆይ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ለዚህ አይሆንም። የመኪና ስፕሬይም ይቅርባችሁ፦ ለስላሳው ፕላስቲክ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይደርቅ ይቀርና እጅ ላይ ይጣበቃል። ሥራው ሲያልቅ ቫርኒሽ ከመቀባታችሁ በፊት ያንኑ የኮላ ውህድ ጦሩና ጠመንጃው ላይ ድገሙ።

ጥያቄ፦ በሐምሌ ቫርኒሽ ስነፋ ወታደሮቼ ነጭ ጉም ለበሱ። ጠፉብኝ ማለት ነው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ አልጠፉም። የጣርማበር ጉም ሲወርድ አየሩ እርጥበት ይሞላል፤ ያ እርጥበት ቫርኒሹ ውስጥ ታሽጎ ነው የነጣው። ፀሐይ የወጣበት ደረቅ ቀን ጠብቀው የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ አብዛኛው ንጣት ይገፈፋል። ብልጭታውን ለማጥፋት በላዩ ላይ ፈዛዛውን ቫርኒሽ፣ እሱንም በብሩሽ ይቀቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ቫርኒሽ በስፕሬይ አይንፉ።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ የዓድዋን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ማሳየት እፈልጋለሁ። ስንት ወታደር መቀባት አለብን? (መምህር፣ ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ መምህር፣ ሙሉውን ጦርነት አይጀምሩት። የጣሊያን ጦር 17,700 ገደማ ሰውና 56 መድፍ ነበረው፤ የኢትዮጵያ ጦር ደግሞ 100,000 ገደማ ይገመታል። አንድ ወታደር 50 ሰው ይወክላል ብንል እንኳ የእኛ ወገን ብቻ 2,000 ይሆናል። ይልቁንስ የጣሊያኑን ጄኔራል የአልበርቶኒን ብርጌድ ይምረጡ፤ 4,000 ገደማ ሰውና 14 መድፍ ይዞ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ኪዳነ ምሕረት ኮረብታ የገፋው እሱ ነው። በዚያው ስሌት 80 ወታደር ይሆናል፤ መድፉ ሦስት ቢሆን ይበቃዋል። ለእኛ ወገን 240 ቢያዘጋጁ ጨዋታው ይሟላል።

ልኩ 15 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አራት አራት ወታደር በአንድ መቆሚያ ላይ ቢጣበቁ 80 መቆሚያ ይሆናል፣ ለአንድ ክፍል ተማሪም ይዳረሳል። በዚህ ልክ የሸማው ዝርዝር አይታይምና ለአንኮበሩ ጠያቂ የጻፍነውን ሁሉ መከተል የለብዎትም፦ ሞቅ ያለ ነጭ፣ በእጥፋቱ ጥላ፣ ትከሻ ላይ ንጹሕ ነጭ፣ አበቃ። የብርጌዱ አብዛኛው ሰው አስካሪ (ለጣሊያን የተሰለፈ ኤርትራዊ ወታደር) ነበር፤ ነጭ ልብስ፣ ቀይ ታርቡሽ (ዘርፍ ያለው ረጅም ቆብ)። የታርቡሹ ዘርፍና የወገቡ መቀነት ቀለም ሻለቃውን ስለሚለይ ተማሪዎቹ በሩቁ እንዲያውቁት ደመቅ አድርጋችሁ ቀቡት።

ጥያቄ፦ ብሩሼ በወሩ ተሰነጠቀ። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ቀለም ጸጉሩን ወደያዘው ብረት ገብቶ ደርቋል። ከጸጉሩ ከግማሽ በላይ አይንከሩ፣ በየጥቂት ደቂቃው በውሃ ያጥቡ፣ ሲጨርሱ በደረቅ ሳሙና አሽተው ጫፉን በጣት ያሹሉት። ውሃ ጽዋ ውስጥ በጸጉሩ አያቁሙት። ለደረቅ ብሩሽ ሥራ አሮጌውን ይጠቀሙ። ለዓይን ብለው በጣም ቀጭን ብሩሽም አይግዙ፤ የሚይዘው ቀለም ትንሽ ስለሆነ በእናንተ ሙቀት ፊት ሳይደርስ ይደርቃል። ጫፉ የሾለ ቁጥር 1 ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለመቆሚያው የሚሆን ሣር ከየት ላግኝ? አረንጓዴ የተቀባ ሰጋቱራ ብጠቀም ያስኬዳል? (ከሞላሌ)

መልስ፦ ሰጋቱራው ያስኬዳል፣ አረንጓዴው ግን ለዓድዋ አይሆንም። የካቲት በጋ ነው፤ ሣሩ የደረቀ ገለባማ ቢጫ ይሁን። የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍተው፣ አጥበው፣ አድርቀው በኮላ ያጣብቁ። በማግስቱ አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥነው ከላይ ያንጠባጥቡ፤ ይህ ካልተደረገ አሸዋው ሲቀቡት ይረግፋል። ጥቁር ቡናማ ይቀቡ፣ በደረቅ ብሩሽ መካከለኛ ቡናማ፣ ከዚያ ፈዛዛ ቢጫማ ያስከትሉ። ለረጅሙ ሣር ቃጫ ይጠቀሙ፦ የተፈታ ገመድ ጫፍ በጣት ይያዙ፣ ኮላ ያስነኩት፣ መቆሚያው ላይ ይትከሉት፣ ሲደርቅ በመቀስ 5 ሚሊ ሜትር ላይ ይቁረጡት። ቃጫው በተፈጥሮው የበጋ ሣር ቀለም ስላለው ቀለም አያስፈልገውም። ከመቆሚያው ስፋት ከሲሶ በላይ ግን አይሸፍኑት፤ ወታደሩ ይዋጣል።