ስሜታችሁ ከተረጋጋ በኋላም ማሰብ ለከበዳችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከልክ ያለፈ መነቃቃትና ድባቴ የሚፈራረቁበት ባይፖላር የተባለው ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ አግኝቷችሁ፣ ታክማችሁ ስሜታችሁ ለተረጋጋ፣ ነገር ግን እንደ ድሮው ማንበብ፣ ማስታወስና ነገርን ፈር አስይዞ ማሰብ ለከበዳችሁ ወጣቶች ነው። በዙሪያችሁ ያለው ሰው «ተመስገን፣ ዳነ» ሲል እናንተ ግን አንድ ነገር እንደጎደላችሁ ታውቃላችሁ፤ የጎደለውን በስሙ ለመጥራት ስለሚቸግራችሁም ዝም ትላላችሁ። በሙያዬ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ አብልጦ የሚቆረቁረኝ፣ ያንኑ ጉድለት ደፍሮ የነገረኝን አንድ ወጣት ሳልሰማው መቅረቴ ነው።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ከማኒያ፣ ማለትም ከዚያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ ያገገመ አንድ ተማሪ እከታተል ነበር። ለሳምንታት እንቅልፍ አጥቶ የነበረው፣ ንግግሩ የማይጨበጥ፣ በአንድ ሌሊት አሥር ሥራ ጀምሮ አንዱንም የማይጨርሰው ልጅ በሦስተኛው ወር ረጋ ብሎ ከፊቴ ተቀመጠ። «ዶክተር፣ አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያው ጠፍቶብኝ አገኘዋለሁ» አለኝ። እኔም እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱንና ስሜቱን ጠይቄ ደህና መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ «ድነሃል፤ የቀረህ መበርታት ብቻ ነው» ብዬ አሰናበትሁት። ልጁ ቃሌን አምኖ ትምህርቱን ሳይቀንስ ቀጠለ፤ ቀኑ አልበቃው ሲል ሌሊቱን ማጥናት ያዘ፤ ፈተናውን ወደቀ፤ መውደቁንም ከስንፍናው ቆጠረው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጭንቅላቴን ያፈዘዘው መድኃኒቱ ነው ብሎ አቋረጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ አገረሸበት። እንቅልፉን ካሳጡት ነገሮች አንዱ የእኔ «በርታ» ማለት እንደነበረ ሳስብ ዛሬም አዝናለሁ።

በዚያን ጊዜ እንደዚያ የማስበው ብቻዬን አልነበርሁም። ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁና፣ ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፐሊን በ1899 ዛሬ ስኪዞፍሬንያ የምንለውን ሕመም የማሰብ አቅምን እየሸረሸረ የሚሄድ፣ ማኒያና ድባቴ የሚፈራረቁበትን፣ ዛሬ ባይፖላር የምንለውን ሕመም ደግሞ በየመካከሉ ሰውን ወደ ቀድሞ ጤንነቱ የሚመልስ አድርጎ ለያቸው። ልዩነቱ ለሕክምናው ብዙ ጠቅሟል፤ ነገር ግን «ስሜቱ ከተስተካከለ አእምሮውም ተስተካክሏል» የሚለውን እምነት አውርሶን ለብዙ አሥርት ዓመታት መጠየቅ የሚገባንን ሳንጠይቅ ቆየን። ኋላ ላይ ተመራማሪዎች ስሜታቸው የተረጋጋ ታካሚዎችን በትውስታ፣ በትኩረትና በዕቅድ ፈተናዎች ሲመዝኑ ውጤታቸው በአማካይ ከጤነኛ እኩዮቻቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ይህም ለዓመታት በታመሙት ላይ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ማኒያ ገና ባገገሙት ላይም ታየ።

በብዛት የሚነካው የሰሙትንና ያነበቡትን ይዞ የማቆየት፣ ትኩረትን ሳይበተን የመጠበቅ፣ ነገርን ፈጥኖ የመረዳት፣ ዕቅድ የማውጣትና ሁኔታው ሲለወጥ አሳብን የመለወጥ ችሎታ ነው። ቀድሞ የተጠራቀመው ዕውቀትና የቃላት ሀብት ግን በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። የጉዳቱ መጠን ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል፤ ጨርሶ የማይነካቸውም አሉ። ከተፈጥሮ ብልህነት ማነስ የመጣ እንዳይመስላችሁ ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በስዊድን ከ700,000 በላይ ተማሪዎችን የተከታተለና በ2010 የታተመ ጥናት፣ እጅግ ከፍተኛ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከነበራቸው ይልቅ ኋላ በባይፖላር የመታመም ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ እንደነበረ አሳይቷል፤ ዝቅተኛ ውጤት በነበራቸውም ላይ ዕድሉ በመጠኑ ከፍ ብሎ ነበር። በሁሉም ዘንድ የሚታመመው ሰው ጥቂት መሆኑ አይረሳ፤ ቢሆንም ሕመሙ ጎበዞቹን እንደማይምር ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ በአንጎል ውስጥ ምን ይሆናል? አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ማሰብ የምንለው ሥራ የሚከናወነው ግን የተለያዩ ክፍሎቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነው። ረጃጅም የነርቭ ክሮች ማየሊን በሚባል ስብ የበዛበት ሽፋን ተጠቅልለው መልእክት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያደርሳሉ፤ የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም ብቻ ወደ 200 ሚሊዮን የሚገመቱ ክሮች አሉት። በ1995 ደግሞ ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አሳዩ፤ ሰው የአንጎልን ምስል በሚያነሣው በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ምንም ሳይሠራ ተጋድሞ ሳለ፣ እጅን የሚያንቀሳቅሱት የግራና የቀኝ አንጎል ክፍሎች በደማቸው ኦክስጅን የሚለካው እንቅስቃሴያቸው አብሮ ከፍ፣ አብሮ ዝቅ ይላል። ከዚያ ወዲህ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚሠራ መከታተል ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆነ።

በባይፖላር ታካሚዎች ላይ ደጋግሞ የሚታየው፣ ስሜትን ፈጥኖ የሚቀሰቅሰው አሚግዳላና ስሜትን የሚገራው በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል የሚያደርጉት ግንኙነት መዛባቱ ነው። ክሮቹንም በተመለከተ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ፣ በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ትንታኔ ለውጡ ይበልጥ የጎላው በኮርፐስ ካሎሰምና ስሜትን ከትውስታ ጋር በሚያገናኘው ሲንጉለም በተባለው የክሮች ጥቅል ላይ መሆኑን አግኝቷል። ለማንበብ የምትቸገሩትን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። ሰው ስለ ራሱ ሲያስብና ያለፈውን ሲያወጣ ሲያወርድ የሚነቁ የአንጎል ክፍሎች አሉ፤ ከባድ ሥራ ላይ ስናተኩር እነዚህ ክፍሎች ጋብ ማለት ይገባቸዋል። በባይፖላር ሕመም ላይ በተደረጉ በርካታ ጥናቶች በሚገባው መጠን ጋብ ሳይሉ ተገኝተዋል። ያ ተማሪ ዓይኑ በመስመሮቹ ላይ ሲሄድ አሳቡ ሌላ ቦታ የነበረው ፈቃዱ ደክሞ አልነበረም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ስለ ዕድሜያችሁም ላስታውሳችሁ። ማየሊን ክሮቹን መሸፈኑ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ይቀጥላል፤ በተለይ የግንባሩ ክፍል ዘግይተው ከሚበስሉት መካከል ነው። ሕመሙም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ማለትም ይህ ግንባታ ገና ሳያልቅ ነው። ይህ መጥፎ አጋጣሚ ቢሆንም ያላለቀ ነገር ሊስተካከልም ይችላል። ከመጀመሪያው ማኒያ በኋላ ለአንድ ዓመት የተከታተሏቸው ወጣቶች ሕመሙ ሳያገረሽባቸው ሲቆዩ የማሰብ ችሎታቸው እየተሻሻለ መሄዱ ታይቷል፤ ባገረሸባቸው ላይ ግን መሻሻሉ ያን ያህል አልነበረም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ሁለተኛው ማኒያ እንዳይመጣ እንድትከላከሉ ነው፤ ስለ ትውስታ ልምምድና ስለ ትምህርት ዘዴ የምንነጋገረው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ደግሞ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድን ይጠይቃል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ሊቲየም ማኒያን እንደሚያበርድ በ1949 ካሳወቀ ወዲህ ይህ መድኃኒት እስከ ዛሬ ከዋነኞቹ አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በብዙ አገሮች የተሰበሰቡ የአንጎል ምስሎችን አነጻጽሮ በ2018 የታተመ ጥናት፣ ሊቲየም በሚወስዱት ታካሚዎች ላይ የአንጎል ውጫዊ ሽፋን መሳሳት ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። መድኃኒቱ አንጎልን ይጠብቃል ብሎ ለመደምደም ይህ ብቻ አይበቃም፤ አንጎልን እያጠፋው ነው የሚለውን የብዙ ወጣቶች ሥጋት ግን አይደግፍም። ይህን ስል መድኃኒት ፈጽሞ አያፈዝም ማለቴ አይደለም። አንዳንዶቹ፣ በተለይም ለእንቅልፍና ለመንቀጥቀጥ የሚታዘዙት፣ ትውስታን ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ ሊቲየምም ራሱ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊቀንስ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ያልታወቀ የዕጢው ድክመት፣ ሙሉ በሙሉ ያልለቀቀ ድባቴ፣ አልኮልና ካናቢስ እያንዳንዳቸው ያንኑ ጭጋግ ያመጣሉ፤ እነዚህም ሊታከሙ ወይም ሊቀሩ የሚችሉ ናቸው። መፍዘዙ ከምን እንደመጣ ከሐኪማችሁ ጋር ሆናችሁ ፈልጉት፤ መጠኑ ይቀነስ ይሆናል፣ መድኃኒቱ ይለወጥ ይሆናል። በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ያን ልጅ የት እንዳደረሰው ነግሬአችኋለሁ።

ስለ አንጎል ምስል ከሚጻፈው ሁሉ መጠንቀቅ ያለባችሁም አንድ ቦታ አለ። ከላይ የጠቀስኋቸው ልዩነቶች የብዙ ሰዎች አማካይ ናቸው፤ የታማሚውና የጤነኛው መለኪያ እርስ በርሱ በሰፊው ይደራረባል። በኤምአርአይ ውስጥ ጭንቅላትን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ እንኳ ግንኙነቱ የላላ ወይም የጠነከረ ሊያስመስል ይችላል። በዚህም ምክንያት ባይፖላር መኖሩን በምስል አይቶ የሚወስን ምርመራ እስካሁን የለም፤ ሐኪም ምስል ቢያዝዝ በአንጎል ውስጥ የበቀለ ዕጢን ወይም ሌላ ሕመምን ለማጣራት ነው። ማንም ሰው የአንጎላችሁን ሥዕል ዘርግቶ ወደፊት ምን ያህል እንደምትማሩ ሊነግራችሁ ቢነሣ አትመኑት።

ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሥራ ስትመለሱ በከፊል ጀምሩ። ጥቂት ትምህርት ወስዶ ማለፍ፣ ሁሉንም ወስዶ ሌሊቱን ከማጣት ይሻላል፤ እንቅልፍ ማጣት ማኒያን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነውና የመኝታ ሰዓታችሁን ለፈተና ብላችሁ እንኳ አታዛቡ። የምትረሱትን በማስታወሻ ያዙ፤ ረጅሙን ንባብ ቆራርጣችሁ ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ የተረዳችሁትን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ይህ ከእኔ ልምድ ብቻ የወጣ ምክር አይደለም፤ በስፔን 239 ታካሚዎች ተካፍለውበት በ2013 የታተመ ጥናት፣ በ21 ሳምንታዊ የቡድን ትምህርቶች እንዲህ ያሉ ዘዴዎችን የተለማመዱት ታካሚዎች የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውንና ሥራቸውን በተሻለ ሁኔታ ሲመሩ አሳይቷል። የፈተና ነጥባቸው ያን ያህል ባይለወጥም ኑሯቸው ተለወጠ፤ እኔ ይህን ውጤት ከብዙ ምስሎች አስበልጬ እወደዋለሁ።

ለእናንተ ለጓደኞቻቸውም አንድ ቃል አለኝ፤ ዘግይቶ የሚመልስላችሁን፣ ቀጠሮ የሚረሳባችሁን ጓደኛችሁን አትቀየሙት፤ በጽሑፍ አስታውሱት፤ ሌሊቱን አብሯችሁ እንዲያመሽም አትጎትቱት።

ያ ተማሪ ከሁለተኛው ሕመሙ በኋላ ወደ እኔ ሲመለስ ያቺን ስለ ንባብ የነገረኝን ቃል ደግሞ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት፤ በዚህ ጊዜ ጽፌ ያዝሁት፣ ትውስታውን አስመረመርሁት፣ ትምህርቱንም በግማሽ እንዲጀምር አብረን ተስማማን። እናንተም በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ «እንቅልፍህ እንዴት ነው? ስሜትሽስ?» ተብላችሁ ተጠይቃችሁ ብቻ አትውጡ። ስንት ገጽ አንብባችሁ ስንቱን እንደምታስታውሱ፣ ሰው ሲያወራችሁ የት ላይ እንደሚያመልጣችሁ፣ ከሕመሙ በፊት ትሠሩት የነበረውን አሁን ያቃታችሁን አንድ ሥራ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፤ ለመናገር ከከበዳችሁ ወረቀቱን ለሐኪማችሁ ስጡት።