«ባለቤቴ በአገልግሎት ቀዝቅዛለች»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 3 ዓመት ሆነን። ቤተ ክርስቲያናችን በአዲስ አበባ ዳር ባለ አዲስ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ወንጌል እየመሰከርን አጥቢያ እንድንተክል ከላከችን 2 ዓመት አልፎናል። ማክሰኞ የቤት ኅብረት፣ ሐሙስ የጸሎት ቡድን፣ ዓርብ የደቀ መዝሙር ትምህርት፣ እሑድ አምልኮ አለን፤ ሁሉም የሚካሄደው ባለ አንድ መኝታ በሆነው ቤታችን ሳሎን ነው። ቅዳሜ ለምስክርነት እንወጣለን። ከሱስ የወጣ አንድ ወንድም ደግሞ ካለፈው ወር ጀምሮ ሳሎን ያድራል። ልጃችን 9 ወሯ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ከእኔ በላይ ትተጋ ነበር። አሁን ሰው ሲመጣ መኝታ ቤት ገብታ በር ትዘጋለች፤ ጾም ጸሎት ላይ አትገኝም፤ «ሰው ሰለቸኝ» ትላለች። ጌታ ስለ ስሙ ሚስትን ስለ ተወ ሰው ተናግሯልና እኔ ወደ ኋላ ማየት አልፈልግም። ቅዝቃዜዋን እንዴት ባለ ጸሎት ልቃወመው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጌታ ድካምህን ያስብልህ። ስለ ጸሎትና ስለ ቃሉ ንባብ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ፣ ለሌሎችም ታስተምረዋለህ። እኔን ያስቆመኝ «ቅዝቃዜ» ያልከው ቃል ነው። በወጣት አገልጋዮች ቤት ይህ ቃል ደጋግሞ ይነገራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚነገረውም እንቅልፍ ስላጣች ሴት ነው።

የጻፍክልኝን ሳምንት እስቲ በእሷ በኩል ሆነህ ቁጠረው። ማክሰኞ ሰው ከመምጣቱ በፊት ሳሎኑ ይወለወላል፣ ወንበር ከጎረቤት ይለመናል፣ ሻይ ይፈላል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ለዚህ ሁሉ የሚበቃው በርሜል ሌሊት ነው የተሞላው። ሕፃኗ ልትተኛ በሚገባት ሰዓት መዝሙሩ ይደምቃል። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ብርጭቆው ሳይታጠብ ይቀራል፣ ከዚያ ሌሊት ማጥባት አለ። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ እሑድም እንዲሁ። በቀሩት ሌሊቶች ሳሎኑ የእንግዳ መኝታ ነው፤ በገዛ ቤቷ ሳትሸፋፈን ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት መሄድ፣ ሳትሸማቀቅ ልጇን ማጥባት አልቻለችም። መኝታ ቤቱን የዘጋችው በቤቱ ውስጥ የእኔ የምትለው ሌላ በር ስላልቀራት ነው። አንተ ይህን በጌታ ላይ እንደተዘጋ በር ቆጠርከው።

ወደ ጠቀስከው ቃል ልምጣ፤ ማቴዎስ 19፥29 ነው። ይህን ጥቅስ ከምዕራፉ ነጥለው የያዙ ብዙ ወጣቶች ቤታቸውን ጎድተውበታል። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 6 ላይ እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው ያለው ያው ጌታ ነው። «እኛ ሁሉን ትተን ተከተልንህ» ብሎ ይህን የተስፋ ቃል ያስነሣው ደግሞ ጴጥሮስ ነው፤ ቁጥር 27ን እይ። ታዲያ ጴጥሮስ ሚስቱን ጥሏት ሄደ? ጳውሎስ ከዓመታት በኋላ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሌሎቹ ሐዋርያት፣ የጌታ ወንድሞችና ኬፋ እኅት የሆነች ሚስታቸውን ይዘው እንደሚዞሩ ይናገራል (1ኛ ቆሮ. 9፥5)። ኬፋ ማለት ጴጥሮስ ነው። «ሁሉን ትተን» ያለው ሰው ሚስቱን ይዞ ነበር የሚያገለግለው። መረቡንና ጀልባውን ትቷል፤ እሷን አልተወም። ጌታ የሰጠው ይህ ተስፋ በእምነቱ ምክንያት ከቤተሰቡ ለተገፋ ሰው መጽናኛ ነው፤ በመካከላችንም ጌታን በመቀበላቸው ከአባታቸው ቤት የተባረሩ ያውቁታል። አብራህ ለጌታ የወጣችን ሚስት በዚህ ቃል መመዘን ግን መጽናኛውን በትር ማድረግ ነው።

የስሕተቱ ሥር ይህ ነው፤ ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ጌታ፣ አገልግሎት፣ ቤተሰብ ብለው ይዘውታል። ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል። አገልግሎት ግን ጌታ አይደለም፤ ጌታ የሰጠህ ሥራ ነው፣ ቤትህም ጌታ የሰጠህ ሥራ ነው። ማርቆስ 7 ላይ ፈሪሳውያን ለአባትና ለእናት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ይሉ ነበር፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው ማለታቸው ነው። ወላጅ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ልጁ ግን ለጋስ መስሎ ይታያል። ጌታ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር ብሎ ጠራው (7፥11-13)። ሕፃኗ የምትተኛበት ሰዓት የሕፃኗ ነው። ባለቤትህ ከአንተ ጋር ብቻ የምትቀመጥበት ምሽት የባለቤትህ ነው፤ በሠርግህ ቀን በጉባኤ ፊት ቃል የገባህላት ዕዳ ነው። ዕዳን አንስቶ መባ ሣጥን ውስጥ መክተት አይቻልም። የሙሴ ሕግ እንኳ አዲስ ሙሽራ 1 ዓመት ወደ ሰልፍ እንዳይወጣ፣ በቤቱ ሆኖ ያገባትን ሚስት ደስ እንዲያሰኝ ያዝዛል (ዘዳ. 24፥5)። ሰልፉ የእግዚአብሔር ሰልፍ ነበር፤ ቢሆንም ሙሽራው ቤቱ ይቆያል።

ዘጸአት 18ን እንደገና አንብበው። ሁላችንም ስለ ሥራ ክፍፍል ስንሰብክ የምንጠቅሰው ምዕራፍ ነው፣ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ እያልን። ግን ከቁጥር 13 ነው የምንጀምረው። ከቁጥር 2 ጀምር። ሙሴ ሚስቱን ሲፓራን መልሶ ልኳት ነበር። አማቱ ዮቶር እሷንና ሁለቱን ልጆች፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን፣ ይዞ ወደ ምድረ በዳ መጣ። በማግስቱ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ሕዝብ ሲዳኝ ዋለ። ዮቶርም የምታደርገው ነገር መልካም አይደለም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለው። ይህን የሚናገረው የሲፓራ አባት ነው። ልጁንና የልጅ ልጆቹን ለአባታቸው ሊመልስ መጥቶ አባትየው ለእነሱ የተረፈ ሰዓት እንደሌለው በዓይኑ አየ። ሙሴም አላኮረፈም፤ የተባለውን ሁሉ አደረገ። አንተም የሚስትህ አባት ለአንድ ሳምንት ቤትህ ቢሰነብት ምን እንደሚል አስብ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በቅድሚያ ሁለታችሁም ለ7 ቀን ሰዓታችሁ የት እንደሄደ በየራሳችሁ ደብተር ጻፉ። ወለል መወልወሉም፣ ውሃ መቅዳቱም፣ ሌሊት መነሣቱም ይጻፍ። በስምንተኛው ቀን ተለዋውጣችሁ አንብቡ። ስታነብ አታስረዳ፣ «ግን እኮ» አትበል። ዝም ብለህ አንብብ።

ቀጥሎ ሳሎኑ። ከ4ቱ ስብሰባዎች ቢያንስ 2ቱ ከቤታችሁ ይውጡ። የዓርቡ ትምህርት ለ3 ወይም ለ4 ሰው ከሆነ ከተማሪዎቹ በአንዱ ቤት ይካሄድ፤ የማክሰኞው ኅብረት በ3 ቤቶች ይዙር። እዚህ ላይ አብዛኞቹ የሚወድቁበትን ልንገርህ። የመጀመሪያው ቤት ቡና አፍልቶ፣ ድፎ ዳቦ ቆርሶ፣ ለስላሳ ከፍቶ ይቀበላል። ቀጣዩ ተረኛ አቅም የለውምና ያፍራል፣ «ቤቴ አይመችም» ይላል፣ ስብሰባውም በ3 ሳምንት ውስጥ ወደ አንተ ሳሎን ይመለሳል። ስለዚህ ከመነሻው በሁሉም ቤት የሚቀርበው ሻይና ቆሎ ብቻ ይሁን፤ ሀብታሙም ከዚያ አይጨምር። ቤቱን የሰጠ ሰው አይምራ፣ የሚመራው ሌላ ይሁን። ብርጭቆውን የመጡት ያጥቡ፣ ወንዶችም በተራቸው።

ሰዓቱ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ምሽት ይሁን፣ በ2 ሰዓት ቤቱ ባዶ ይሁን። የሚዘጋው ሰው በስም ይታወቅ፤ ባለቤትህ መሆን የለባትም፣ አለዚያ ሰው አባራሪ ትባላለች። ከመዝጊያ ጸሎት በኋላ «አንዴ ላማክርህ» የሚሉ 2 ወይም 3 ሰዎች መቅረታቸው አይቀርም፤ ምሽቱን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ቅዳሜ ጥዋት፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ቀጠሮ ስጣቸው። እኅቶችን ብቻህን አታማክር፤ በእድሜ የበሰለች እኅት ትያዛቸው። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን፣ ሰኞ ቢሆን ይሻላል፣ ምንም አይነት ፕሮግራም አይኑር፤ የዚያን ቀን በቴሌግራም ግሩፑ ላይ የሌላ አገልጋይ ቁጥር ይለጠፍ።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ እንጂ ከድካም ብቻ የመጣ አታድርገው። አቂላና ጵርስቅላ በከተማ ላገለገሉ ባልና ሚስት ሁሉ ምሳሌ ናቸው፤ የሮሜ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮሜ ሲያስወጣ በቆሮንቶስ፣ ከዚያም በኤፌሶን ኖሩ፣ ድንኳን እየሰፉ በሙያቸው አደሩ፣ በቤታቸውም ቤተ ክርስቲያን ነበረች (1ኛ ቆሮ. 16፥19)። በአዲስ ኪዳን 6 ጊዜ ተጠርተዋል፣ አንዱ ያለ ሌላው የተጠራበት ቦታ የለም፤ የእሷ ስም የሚቀድምበትም አለ። አገልግሎቱ ሁሉ ግን በእነሱ ቤት አልተጫነም። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከእነሱ ጋር እየኖረ ከምኩራብ ሲወጣ ያስተማረው በኢዮስጦስ ቤት ነው (የሐዋ. 18፥7)፤ በኤፌሶን የዕለት ተዕለቱ ትምህርት ለ2 ዓመት የተሰጠው በጢራኖስ ትምህርት ቤት ነው (19፥9-10)። የእናንተም ሰፈር የጋራ መሰብሰቢያ ሕንጻ ወይም የትምህርት ቤት ክፍል ካለው ለእሑዱ አምልኮ ኪራይ ጠይቁ።

ስለ ወንድማችን እንግድነት ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ልብህ መልካም ነው፤ ውሳኔው ግን ትክክል አልነበረም። አራስነቷን በቅርብ የጨረሰች ሴትና ሕፃን ባሉበት ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ አንተ በሌለህበት ሰዓት፣ ከሱስ በቅርቡ የወጣን ወንድ ማሳደር ለእሷም ለእሱም ፈተና ነው። ከሱስ በመውጣት መንገድ ላይ መውደቅና መነሣት ያለ ነው። አንድ ምሽት ወድቆ ይመጣል ወይም ዕቃ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በቁጣ ታስወጣዋለህ፣ ወንድምህንም የሚስትህንም እምነት ታጣለህ። አሁን ሰላም እያለ በ2 ሳምንት ውስጥ ተከራይተው ከሚኖሩ 2 ላጤ ወንድሞች ጋር አስቀምጠው። ኪራዩን ቤተ ክርስቲያን ታግዝ። አንተ በሳምንት 2 ጊዜ አግኘው፣ ሕክምና ካስፈለገውም አብረኸው ሂድ።

ስለ ጾሙ ብዙ አልልም። የምታጠባ እናት ነች፤ አታስጨንቃት። አንተ ስትጾም ኢሳይያስ 58፥7ን እስከ መጨረሻው አንብብ፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ለራበው መቁረስና ድሃውን ማስገባት ብሎ ሲያበቃ ከሥጋ ዘመድህ አትሸሸግ ይላል። በጾምህ ቀን ሕፃኗን አንተ ያዝ።

ገንዘቡንም መዝግበው። ሻይ፣ ስኳር፣ ቆሎ፣ ለመጣው ሰው የሚሰጠው የታክሲ፣ ሁሉም ከቤት አስቤዛ ነው የሚወጣው፣ ጉድለቱን የምታውቀው ደግሞ እሷ ነች። የ1 ወሩን ጽፈህ ለላኳችሁ ሽማግሌዎች አቅርብ፣ የአገልግሎት ወጪ ተብሎ ይያዝ። ለሽማግሌዎቹም ይህን ንገራቸው፤ የአገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷል፣ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው በኋላ። ለጌታ የምትሠራ እናት ከዚህ ያነሰ ዕረፍት ልታገኝ አይገባትም። በየ3 ወሩም በእድሜ የገፉ ባልና ሚስት መጥተው ስንት ሰው ዳነ ብለው ሳይሆን እናንተስ እንዴት ናችሁ ብለው ይጠይቋችሁ።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ተመልከት። ልጅቷ ተኝታም እሷ መተኛት ካልቻለች፣ ምክንያቱን ሳታውቀው የምታለቅስ ከሆነ፣ ልጇን ማቀፍ ከከበዳት፣ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊታይ የሚችል፣ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ጤና ጣቢያ ውሰዳት። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማህ ለነገ አታሳድረው፣ ብቻዋንም አትተዋት። እንዲህ ላለ ሕመም ቅዝቃዜ የሚል ስም ማውጣት በደል ነው።

ስለዚህ የምትቃወመው ነገር የለም። ዛሬ ማታ «ቀዝቅዘሻል ብዬ አስቤ ነበር፣ ተሳስቻለሁ» በላት። ይህን ጽሑፍ ግን ለእሷ ስብከት አድርገህ አታንብብላት፤ ራሷ ልታየው ከፈለገች ስጣት፣ ቀጥሎ ያለው ለእሷ ነው።

እኅቴ፣ ኤልያስ ከክትክታው ሥር ተኝቶ ነፍሴን ውሰድ ባለ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፣ ስለ ጥሪውም አላነሣበትም። ነክቶ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ መጥቶ ያለው መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ ነው (1ኛ ነገ. 19፥5-7)። የፊታችን ሐሙስ ጸሎቱ በሌላ ሰው ቤት ይሆናል። አንቺ ራትሽን ብይና ከልጅሽ ጋር ተኚ።