ስለ ላም ሆርሞን መርፌ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ስለ ሆርሞን መርፌ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ላሜ ከወለደች አምስት ወር ሆናት። ኮርማ ፈልጋ አታውቅም። መርፌው ያስረግዛታል?

መልስ፦ መርፌው አያስረግዝም፣ ወንድሜ። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። እንቁላል ከወጣ በኋላ በቦታው ቢጫ አካል የሚሉት ነገር ይበቅላል። እሱ እስካለ ድረስ ኮርማ አትፈልግም። ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ይህ የሆርሞን መርፌ ቢጫ አካሉን ያፈርሰዋል፤ ከዚያ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ትፈልጋለች። ቢጫ አካል ከሌለ ግን መርፌው ምን ያፈርሳል? ከስታ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ከሆነ ቢጫ አካሉ ላይኖራት ይችላል፤ ብሩን ለፉርሽካና ለፋጉሎ አውለው። ደግሞስ ሌሊት አይተሃታል? ብዙዎቹ ሌሊት ሲፈልጉ አድረው ጠዋት ዝም ይላሉ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ መርፌውን ገዝቶ ራሱ ወጋ። እኔስ?

መልስ፦ ተው! ያረገዘች ላም ከተወጋች ያስወርዳታል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ባለላም "ባዶ ናት" ብለውኝ ሳልመረምር ወጋሁ። በአምስተኛው ቀን ደወሉልኝ። ስደርስ ገለባው ላይ ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ ጽንስ ወድቋል። የጎረቤት ኮርማ መቼ እንዳገኛት ማንም አላየም። ሰውየው አልተቆጡኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን አስገብቼ ሳልመረምር አልወጋም።

ለሰውም አደገኛ ነው። በቆዳ ይገባል። ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ አትንካው፣ አስም ያለበትም ይራቀው። እጅ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃና በሳሙና።

ጥያቄ፦ ወተቱን ልጆቼ ይጠጡት?

መልስ፦ መድኃኒቱ በላሟ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። ቢሆንም ብልቃጡ ላይ ለወተትና ለሥጋ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜ አክብሪ፣ እህቴ።

ጥያቄ፦ ጥጃዋ ስለሞተ ወተት የሚያወርድ መርፌ በየቀኑ እንወጋታለን።

መልስ፦ ኦክሲቶሲን መሆኑ ነው። ትለምደዋለች፣ ኋላ ያለሱ እንቢ ትላለች። ጡቷን በሞቀ ውሃ እሹላት፣ ስትታለብ መኖ ስጧት። ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ የፈረንጅ ዶሮስ በሆርሞን ነው የሚያድገው?

መልስ፦ አይደለም። ዘሩና መኖው ነው።

ጥያቄ፦ ላሜ ፕሮስታግላንዲን ተወግታ ምንም አላሳየችም። አዳቃይስ መቼ ልጥራ?

መልስ፦ ኮርማ ከፈለገች ገና አምስት ቀን ካልሞላት መርፌው አይሠራላትም። ስለዚህ በ11ኛው ቀን ይደገማል፤ ከዚያ በፊት እርግዝና ይታይ። ሌላ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ ከቆመች ጊዜዋ ነው። ጠዋት ካየሃት ማታ፣ ማታ ካየሃት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። ቀኑን ስትቆጥር ግን ካላንደር ተመልከት። ለጥምቀት ዋዜማ ለፈለገች ላም አዳቃይ ማግኘት ዘበት ነው።