«የሆሜር ገድል» ይባላል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በአርትዖት ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ጥንታዊት ግሪክ የተጻፈ ረቂቅ እያረምኩ ነው። ጸሐፊው የጥንት ግሪኮችን ረጃጅም ግጥሞች ኢሊያድንና ኦዲሴን አንዴ ‹የሆሜር ገድሎች›፣ አንዴ ‹የሆሜር ተረቶች›፣ አንዴ ደግሞ ‹ኤፒክ› ይላቸዋል። ገድል የቅዱሳን አይደለም ወይ? አንዱ ገጽ ላይ ‹ሆሜር›፣ ሌላው ላይ ‹ሆሜሮስ› ይላል። ‹የኢሊያድ ጦርነት› የሚልም አለ። የግሪኮች አማልክት አለቃ ዜውስ ወደ ‹ኢትዮጵያውያን› ለግብዣ ሄደ የሚል ቦታም አግኝቻለሁ። እሱን እንዳለ ልተወው ወይስ ልቀይረው? ቢያስረዱኝ።»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ አምስት ጥያቄ ነው፤ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚጎትት አብሬ እመልሳለሁ።

ከገድል እንጀምር። ገድል የቅዱሳን ብቻ አይደለም። ቃሉ የመጣው ከ«ተጋደለ» ነው፤ ታገለ፣ ተፋለመ ማለት ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «መልካሙን ገድል ተጋድዬአለሁ» ይላል። የግሪኩ ቃል እዚያ ላይ የሚናገረው ስለ ውድድርና ስለ ፍልሚያ ነው። ቃሉ የቅዱሳንን ሕይወት ለሚተርክ መጽሐፍ መጠሪያ የሆነው በዚሁ በተጋድሎው በኩል ነው። ዛሬም «የአርበኞች ገድል» ስንል ማንም ቅር አይለውም። ስለዚህ ቃሉን ለጦር ጀግና ማዋል ነውር የለበትም።

ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። «የእገሌ ገድል» ስንል እገሌ ተጋዳዩ ነው። «ገድለ ተክለ ሃይማኖት» የተክለ ሃይማኖትን ተጋድሎ ይተርካል፤ ተክለ ሃይማኖት ጻፉት ማለት አይደለም። «የሆሜር ገድል» ብለው ከተዉት አንባቢ ሆሜር ራሱ ጦር ይዞ የተዋጋ ይመስለዋል። የኢሊያድ ዋና ጀግና አኪለስ ስለሆነ «የአኪለስ ገድል» ግን ይሄዳል። አኪለስ ተዋግቷል፣ ሆሜር ዘምሯል። ጸሐፊው ገድልን ከወደደው ከጀግናው ስም ጋር ብቻ እንዲያያይዘው ይንገሩት።

ገድል ሌላም ጉድለት አለበት። ይዘቱን ይናገራል እንጂ ቅርጹን አይናገርም። ገድል በስድ ንባብም ይጻፋል። ኢሊያድና ኦዲሴ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግጥም ናቸው። ኢሊያድ ከ15 ሺህ በላይ፣ ኦዲሴ ከ12 ሺህ በላይ ስንኝ አላቸው።

«ተረት»ን ያውጡት። አማርኛ ተረትን ከልጆችና ከምድጃ ዳር ጋር አያይዞታል፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ አንባቢ ነው ያለን። የጥንት ግሪኮች ግን ሆሜርን እንዲያ አልሰሙትም። ልጆቻቸው ፊደል የሚለምዱበትና በቃላቸው የሚያጠኑት እሱን ነበር። ፈላስፋው ፕላቶ በመጽሐፉ በሳለው መንግሥት ውስጥ እነዚህን ግጥሞች ለመገደብ ያን ያህል የተጨነቀው ሰው ሁሉ ስለ አማልክትና ስለ ምግባር ከሆሜር ይማር ስለነበር ነው።

እኔ የምመርጠውን ልንገርዎ። በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የጀግኖች ተራኪ ግጥም (ኤፒክ)» ይበሉ፤ ከዚያ ወዲያ «ኤፒክ» ይበቃል። ኤፒክ በትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ መማሪያ የገባ፣ ተማሪው የሚያውቀው ቃል ነው። መሠረቱ «ኤፖስ» የሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ቃል፣ ንግግር ማለት ነው። እኛም በብዕር ያልተያዘውን ግጥም «ቃል ግጥም» እንለዋለን። ይህ መመሳሰል የአጋጣሚ ጉዳይ ነው፤ ግን ስለ ኤፒክ አጀማመር ለሚጽፍ ሰው ጥሩ በር ይከፍታል። ረቂቁን የጻፈው ሰው «ሆሜር ቁጭ ብሎ ጻፋቸው» ብሎ ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ገደማ በግሪክ ምድር የነበሩት የማይኬኔ ዘመን ቤተ መንግሥቶች ፈረሱ። በእነሱ ዘመን ጽሕፈት ነበር፤ ሊኒየር ቢ የሚባለው፣ ማይክል ቬንትሪስ በ1952 እ.ኤ.አ. የፈታው። የተገኙት ጽላቶች ግን በብዛት የንብረትና የግብር መዝገብ ናቸው፤ ግጥም የለባቸውም። ቤተ መንግሥቱ ሲወድቅ ጽሕፈቱም ጠፋ። ከዚያ ግሪኮች ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ፊደል ኖሩ። የጀግኖቹ ዜና በዚያ ሁሉ ጊዜ የተላለፈው በዘማሪዎች አፍ ነው። ግሪኮች የፊንቄን ፊደል ወስደው ለአናባቢዎች ምልክት የጨመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። በዚያው ዘመን ጣልያን አጠገብ ባለችው የኢስኪያ ደሴት በተቀበረ ጽዋ ላይ ሦስት መስመር ተጽፎ ተገኝቷል፤ ሁለቱ በኤፒክ ምት የተገጠሙ ናቸው። የሚጠቅሱትም የኔስቶርን ጽዋ ነው። በኢሊያድ ውስጥ ሽማግሌው ኔስቶር ሲሞላ ሌላ ሰው በግድ የሚያነሳው ጽዋ አለው። የግሪክ ፊደል ገና ብቅ ሲል ግጥም ይዞ ነው ብቅ ያለው ማለት ይቻላል።

ያለ ጽሕፈት ይህን ያህል ሺህ ስንኝ እንዴት ይያዛል? ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰው ሚልማን ፓሪ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የኦዲሴ ጀግና ኦዲሴዎስ በግጥሙ ውስጥ አንዴ «ክቡሩ ኦዲሴዎስ»፣ አንዴ «ዘዴ የማያልቅበት ኦዲሴዎስ»፣ አንዴ «መከራ የማይበግረው ክቡሩ ኦዲሴዎስ» ይባላል። ፓሪ ያየው ምርጫው በአብዛኛው ከታሪኩ ጋር እንደማይገናኝ ነው። የሚወስነው ስንኙ ላይ የቀረው ቦታ ነው። ትንሽ ቦታ ከቀረ አጭሩ፣ ሰፊ ከቀረ ረጅሙ ይገባል። አኪለስም በየልኩ የተሰፋ ስም አለው፤ «ክቡሩ አኪለስ»፣ «እግረ ፈጣኑ አኪለስ»፣ «እግረ ፈጣኑ ክቡሩ አኪለስ»። ዘማሪው እነዚህን ዝግጁ ሐረጎች ከልጅነቱ ስለሚለምዳቸው ሕዝብ ፊት ቆሞ እየዘመረ መግጠም ይችላል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ይህን ሁሉ አይፈጥረውም፤ የትውልዶች ሥራ ነው።

ፓሪ በዚህ አልቆመም። በ1930ዎቹ ከረዳቱ ከአልበርት ሎርድ ጋር ወደ ዩጎዝላቪያ ሄደ። እዚያ ጉስሌ የሚባል፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚገረፍ መሣሪያ ይዘው የጀግና ታሪክ የሚዘምሩ ሰዎች ነበሩ። በ1935 አቭዶ ሜጄዶቪች የሚባል፣ ማንበብም መጻፍም የማይችል ሰው ከ12 ሺህ ስንኝ በላይ ያለው አንድ ግጥም እያለ አስጻፋቸው። የኦዲሴን ያህል ማለት ነው። «ያልተማረ ሰው ይህን ያህል ግጥም ሊይዝ አይችልም» የሚለው ክርክር እዚያ ላይ አበቃ። ፓሪ በዚያው ዓመት በ33 ዓመቱ ሞተ፤ ሥራውን የቀጠለው ሎርድ ነው። ሆሜር የሚባል አንድ ሰው ነበረ ወይ፣ ሁለቱንስ ግጥሞች አንድ ሰው ነው ያቀናበራቸው ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስለዚህ «ሆሜር ጻፈ» ከማለት «በሆሜር ስም የሚታወቁት» ማለት ይሻላል።

ይህ ለአርታኢ በቀጥታ ይጠቅማል። ረቂቁ ውስጥ የተተረጎሙ ስንኞች ካሉ «እግረ ፈጣኑ» አሥር ጊዜ ተደጋገመ ብለው አይሰርዙት። ድግግሞሹ የጸሐፊ ስንፍና አይደለም፤ ግጥሙ የቆመው በእሱ ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያለ የሚያወድስ ግጥም የለመደ ጆሮ ደግሞ አይሰለቸውም።

የሆሜር ግጥም ቤት አይመታም። ምቱ የሚለካው በረጅምና በአጭር ቀለም ቅደም ተከተል ነው፤ ስድስት ምት ያለው አንድ ስንኝ ከ12 እስከ 17 ቀለም ይይዛል። የእኛ የወል ቤት 12 ቀለም ነው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ ይከፈላል። ተርጓሚ ሆሜርን በወል ቤት ልግጠም ካለ ይጠበዋል። ለቤት መምቻ ሲልም ግሪኩ ውስጥ የሌለ ቃል ለመጨመር ይገደዳል። እኔ ቤት ሳይመታ ስንኙ ሰፋ ብሎ ቢተረጎም እመርጣለሁ። አማርኛ ለሆሜር የሚመችበት ቦታም አለ። የኢሊያድ የመጀመሪያ ቃል «ቁጣ» ነው። እንግሊዝኛ ይህን ፊት ላይ ለማቆየት ይቸገራል፤ አማርኛ ግን ተሳቢን ማስቀደም ስለማይከብደው «ቁጣውን ዘምሪ፣ እንስት አምላክ ሆይ፣ የፔሌዎስን ልጅ የአኪለስን ቁጣ» ቢባል ይፈስሳል። «ዘምሪ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ለሴት መሆኑን መናገሩ ደግሞ ትርፍ ነው፤ የግሪኩ ግስ ይህን አያደርግም።

ወደ ስሞቹ ልምጣ። የግሪክ ስም ወደ እኛ የገባው በተለያየ በር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ጴጥሮስ፣ ማርቆስ፣ ፊልጶስ ከነ«ስ»ያቸው መጡ። በዓረብኛ በኩል የመጡት እንደ እስክንድርና አፍላጦን ሌላ መልክ ያዙ። ሦስተኛው በር የዘመናዊ ትምህርት ቤት ነው፤ ሆሜርና ፕላቶ በዚያ ገቡ። ሆሜሮስ ለግሪኩ ይቀርባል፣ ለግዕዙ ልማድም ይስማማል። ሆሜር ግን ብዙ አንባቢ የለመደው ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙ። እኔ ሆሜር እላለሁ።

በአንድ ስም ላይ ግን ቸል አይበሉ። ኦዲሴ የግጥሙ ስም ነው፤ ሰውየው ኦዲሴዎስ ነው። «ኦዲሴ ወደ ሚስቱ ተመለሰ» የሚል ካለ ያርሙት። ዩሊሲስ የሚለው ከላቲን የመጣ የዚያው ሰው ስም ነው፤ አንባቢ ሁለት ሰው እንዳይመስለው አንዱን ይጠቀሙ። ኢሊያድም ስለ ኢሊዮን የሚል ትርጉም አለው፤ ኢሊዮን የትሮይ ሌላ ስሟ ነው። ስለዚህ «የኢሊያድ ጦርነት» ስህተት ነው። ጦርነቱ የትሮይ ጦርነት ነው። ኢሊያድ ጦርነቱን በሙሉ አይተርክም፤ በአሥረኛው ዓመት የሆነውን የጥቂት ሳምንታት ነገር ይዞ በትሮይ ጀግና በሄክቶር ቀብር ይዘጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። የእንጨቱ ፈረስ ኢሊያድ ውስጥ የለም። የሚዘመረው በኦዲሴ ውስጥ ነው፤ ዴሞዶኮስ የሚባል ዓይነ ስውር ዘማሪ በግብዣ ላይ ይዘምረዋል። የአኪለስ ተረከዝ ታሪክ ደግሞ በሁለቱም ውስጥ የለም። እናቱ በስቲክስ ወንዝ ነከረችው የሚለው የሚገኘው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው በላቲኑ ገጣሚ በስታቲየስ ነው። ጸሐፊዎ «ሆሜር እንደሚለው» ብሎ ተረከዙን ከጠቀሰ ይቁረጡት።

ስለ ተጽዕኖው ረቂቁ ብዙ ስም የሚደረድር ከሆነ ጥቂቱ ይበቃል። የላቲን ሥነ ጽሑፍ ሲጀመር ከቀደሙት ሥራዎች አንዱ ሊቪየስ አንድሮኒከስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ላቲን የመለሰው ኦዲሴ ነው። ሮማዊው ገጣሚ ቨርጂል የሮምን አጀማመር ከትሮይ ስደተኛ ጋር አያያዘው። ጣልያናዊው ገጣሚ ዳንቴ ግሪክኛ ሳያነብ ሆሜርን ከገጣሚዎች ሁሉ በላይ አስቀመጠው። በ1990 ደግሞ የሴንት ሉሲያው ገጣሚ ዴሬክ ዋልኮት በግጥሙ ውስጥ የካሪቢያን ዓሣ አጥማጆችን አኪልና ሄክተር ብሎ ሰየማቸው። እኛም ሳናውቀው በየቀኑ እንጠራዋለን። ጎጂ ፕሮግራም ተደብቆ ኮምፒውተራችን ላይ ሲገባ በትሮይ ፈረስ ስም «ትሮጃን ገባ» እንላለን። «ሜንተር አገኘሁ» የሚል ወጣትም የኦዲሴዎስን ወዳጅ የሜንቶርን ስም እየጠራ ነው። እርግጥ ቃሉ የአማካሪነት ትርጉሙን ይዞ የተስፋፋው ፈረንሳዊው ፌኔሎን በጻፈው፣ በ1699 በታተመው የቴሌማክ (የኦዲሴዎስ ልጅ) ታሪክ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ኢትዮጵያውያንን አይቀይሯቸው። በኢሊያድ የመጀመሪያ ክፍል ዜውስ አማልክቱን ሁሉ አስከትሎ ወደ «እንከን የለሾቹ» ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዷል፤ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። በኦዲሴ መክፈቻም የባሕር አምላኩ ፖሴይዶን እነሱው ዘንድ ነው። ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን ፀሐይ በምትወጣበት፣ ሌላው በምትጠልቅበት ይኖራሉ ይላል። ዛሬ ማጠቃለያውና ጥቂት ቁርጥራጩ ብቻ የቀረ «አይቲዮፒስ» የሚባል ኤፒክም ነበረ፤ በእሱ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ለትሮይ ሊዋጋ መጥቶ በአኪለስ እጅ ይሞታል።

ነገር ግን የሆሜር ኢትዮጵያውያን በዓለም ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ዛሬ በካርታ ላይ ባለ ድንበር ልንይዛቸው አንችልም። ስሙ የግሪክ ነው፤ ግሪኮች ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ለሚሏቸው ሰዎች ያወጡት። ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ግን አክሱም ላይ በድንጋይ ተጽፎ ይታያል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ግዛቱን በዘረዘረበት ጽሑፍ የግሪኩ «አይቲዮፔስ» ሲል፣ በዚያው ቦታ የግዕዙ «ሐበሠት» ይላል። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ «ኢትዮጵያውያን» ብለው ይተዉት፤ ግርጌ ላይ ደግሞ በሆሜር ግጥሞች ቃሉ በዓለም ዳር ላሉ ሩቅ ሕዝቦች በጥቅል የሚሰጥ ስም እንደነበር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ።