ዜሮ ወንዙ መሀል ሲቆም

ልጆቼ፣

ደሴ ውስጥ 30 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ነጥብ ነው።

ኢንኢኳሊቲ ("ያንሳል" ወይም "ይበልጣል" የሚል የሒሳብ ዐረፍተ ነገር) በግራፍ ስትሠሩ መስመሩን ትስላላችሁ። (0፣0)ን ታስገባላችሁ። እውነት ከሆነ ነጥቧ ያለችበትን ወገን፣ ሐሰት ከሆነ ተቃራኒውን ታጠቁራላችሁ። አንዲት ነጥብ ለዚያ ሁሉ ሜዳ እንዴት ትመሰክራለች ብላችሁስ ታውቃላችሁ?

የቦርከናን ወንዝ ድልድይ በሌለበት አስቡት። እግሩ ሳይረጥብ ወዲያ ማዶ የሚደርስ የለም። መስመሩም እንደዚያው ነው። ከ"ያንሳል" ወደ "ይበልጣል" ለመሄድ በ"እኩል ነው" ማለፍ ግድ ነው። እኩል የሚሆነው ደግሞ መስመሩ ላይ ብቻ ነው። መስመሩን እስካልተሻገራችሁ ድረስ መልሱ አይለወጥም። አንዷ ነጥብ የምትበቃው ለዚህ ነው።

ኢንኢኳሊቲዎቹ ሁለት ሲሆኑ ግን ሁለቱንም ጠይቁ። ቃሉ ወረዳ ላይ አንድ ገበሬ 7 ጥማድ መሬትና ለአረም የሚሆን 20 ቀን አለው እንበል። አንድ ጥማድ ጤፍ 4 ቀን፣ አንድ ጥማድ ማሽላ 2 ቀን አረም ይፈጅበታል። ጤፉን ኤክስ፣ ማሽላውን ዋይ በሉት፦

ኤክስ + ዋይ ≤ 7
4ኤክስ + 2ዋይ ≤ 20

(5፣1)ን ሞክሩ። መሬቱ 6 ነው፣ ይበቃል። አረሙ ግን 22 ቀን ይፈልጋል። አልሆነም። (2፣3) ላይ መሬቱ 5፣ አረሙ 14 ነው። ይሄ ሆነ። ተማሪ ማርክ የሚጥለው የመጀመሪያዋን ኢንኢኳሊቲ ብቻ አይቶ "አለፈ" ሲል ነው። (3፣4) ሁለቱም መስመሮች ላይ ናት፤ ምልክቱ ≤ ስለሆነ ትቆጠራለች። < ቢሆን ኖሮ መስመሩ የተቆራረጠ ይሆናል፣ እሷም ትወጣለች።

አሁን የቆጨኝን ልንገራችሁ። ለዓመታት "ዜሮን ሞክሩ፣ ይበቃል" እል ነበር። አንዲት ተማሪ ዋይ < 2ኤክስ ደረሳት። ዜሮን አስገባች፣ 0 < 0 ሐሰት ሆነባት፣ ተቃራኒውን ወገን አጠቆረች። በቀይ ሰረዝኩባት። በኋላ ደብተሯን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ እርስዎ እንዳሉት እኮ ነው የሠራሁት" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ያ መስመር በ(0፣0) ያልፋል። ዜሮ ወንዙ መሀል ቆሞ ስለየትኛው ዳር ይናገራል? አብሽሪ ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳት። (1፣0)ን አብረን አስገባን። 0 < 2፣ እውነት። ትክክለኛውን ወገን ራሷ አጠቆረች። ማርኳን መለስኩላት።