አማርኛዬን ምን በላው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው። አባቴ የዋንዛ በርጩማ ይሰራል፣ ለሱ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ልሰራለት ብዬ ኤችቲኤምኤል (ገጽ የሚጻፍበትን ቋንቋ) በራሴ ጀመርኩ። ኖትፓድ ላይ ጽፌ ሴቭ አድርጌ ብከፍተው አማርኛው በሙሉ የማይነበብ የላቲን ምልክት ሆኖ ቁጭ! ፎቶውም አይታይም፣ የተቀደደ ምስል የምትመስል ትንሽ ነገር ብቻ። ወንድሜ ደግሞ አሁን በእጁ የሚጽፍ ማን አለ፣ ዝግጁውን የገጽ መስሪያ ተጠቀሚ እያለ ይስቅብኛል። ልተወው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አትተዪው እህቴ፣ የቀረሽ አንድ መስመርና አንድ ፎልደር ነው። እስቲ ያንን የተበላሸ ጽሁፍ ቁጠሪው፣ ለአንድ ፊደል ሶስት ሶስት ምልክት አይደል የሚመጣልሽ? በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ለኮምፒውተር ወደ ቁጥር በሚቀይረው ስርዓት) አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ገጹን የሚከፍተው ብሮውዘር ደግሞ ካልነገርሽው ከየት ያውቃል፣ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ ላቲን ያነበዋል። ስለዚህ ሄድ በሚባለው የገጹ መነሻ ክፍል ውስጥ ከታይትሉ በላይ የሜታ ቻርሴት ታግ (ለብሮውዘሩ የፊደሉን ስርዓት የሚነግር ምልክት) አስገቢና ዩቲኤፍ-8 በይው፣ ሴቭ ስታደርጊም ኢንኮዲንግ የሚለው ላይ እሱ መመረጡን እዪ። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካገኘሽ ግን ፊደሉ የጠፋው ሴቭ ሲደረግ ነው፣ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መላ የለውም።

ፎቶውን ከገጹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቺው፣ ስሙንም በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት። ዊንዶውስ ትልቅ ትንሽ ፊደል አይለይም፣ አብዛኛው ሰርቨር (ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚጫንበት ኮምፒውተር) ግን ሊኑክስ ስለሆነ በትልቁ የተጻፈ ጄፒጂና በትንሹ የተጻፈ ለሱ ሁለት ፋይል ነው። እኔ በዚች ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ፣ ቤቴ የሚሰራው ገጽ ስጭነው ፎቶ አልባ ሆኖብኝ።

ወንድምሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ለትልቅ ሱቅ ዝግጁው ይሻላል። ለበርጩማ ግን ምን ያስፈልጋል? ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ኤችቲኤምኤልን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያስተዋውቅ ታጎቹ 18 ገደማ ነበሩ፣ ላንቺ ከዛም ያነሰ ይበቃሻል፦ ለስሙ ኤች1 (ርዕስ)፣ ለቁመቱና ለዋጋው ፒ (አንቀጽ)፣ ለፎቶው አይኤምጂ፣ ለአባትሽ ስልክ ኤ (ሊንክ)፣ ሊንኩን በቴል ከጀመርሽው ገዢው ቁጥሩን ነካ ሲያደርግ ይደወልለታል። ለመጻፍ ኢንተርኔት እንኳን አያስፈልግሽም፣ መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ትጽፊያለሽ።

ስልክ ላይ የሚያዩት ስለሚበዙ ገጹን በስልኩ ስፋት ልክ የምታደርገውን፣ ቪውፖርት የምትለዋን ሜታም ጨምሪ፣ ያለሷ ጽሁፉ ጉንዳን ያክላል።