መልስ፦ ጊዜያቸው ያለፈ የኢንተርኔት ድራፍቶችን ከላብ ሰርቨር እናጥፋ ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ኪቶ ካምፓስ ያለው የላብ ሰርቨራችሁ ላይ 185 ቀን ሞልቷቸው ጊዜያቸው ያለፈውን የኢንተርኔት ድራፍቶች (የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነዶች ረቂቆች) እናጥፋ ወይ ላልከው፦ አታጥፉ። የኢንተርኔት ስታንዳርዶችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍም ዳታትራከር በሚባለው የሰነድ መከታተያ ድረ ገጹ ላይ የድሮዎቹን ያቆያል። መቅረት ያለበት ሁሉንም «አርኤፍሲ» (ተጠናቅቆ ቁጥር ተሰጥቶት የታተመ ሰነድ) በሚል ፎልደር ውስጥ መክተቱ ነው። ድራፍት ስታንዳርድ አይደለም፤ ሰነዱ ራሱ «በሂደት ላይ ያለ ሥራ» ተብሎ ካልሆነ አትጥቀሱኝ ይላል።

የፋይሉን ስም ፈጽሞ አትንኩ። መጨረሻ ላይ ያለው ባለሁለት አሃዝ ቁጥር ቨርዥኑ ነው፣ ከ00 ይጀምራል። «አዲሱ»፣ «የመጨረሻው» እያላችሁ ስትሰይሙ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋል። ለምሳሌ የኩዊክ (በኢንተርኔት ዳታ የሚያጓጉዝ ፕሮቶኮል) ትራንስፖርት ድራፍት 34 ደርሶ ነው በግንቦት 2013 ዓ.ም. አርኤፍሲ 9000 የሆነው። ድራፍት 29ን ብቻ የሚያውቅ ኮድ፣ ቨርዥን 1ን (የአርኤፍሲ 9000ውን) ብቻ ከሚቀበል ሰርቨር ጋር አይገናኝም፤ ፓኬቱ ላይ የሚሰፍረው የቨርዥን ቁጥር ይለያያል። ተማሪው ግን ፋየርዎሉን ሲጠረጥር ይውላል።

ሌላው ወጥመድ፦ የግለሰብን ድራፍት የአይኢቲኤፍ የሥራ ቡድን ሲቀበለው ስሙ ይቀየርና ቁጥሩ እንደገና ከ00 ይነሳል። ስለዚህ 00 ከ05 አዲስ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ጎን የወረደበትን ቀንና የተካውን ሰነድ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አኑሩ።

ስታጋሩ ሙሉውን ፋይል ስጡ። ራስጌውንና የቅጂ መብት ማስታወቂያውን ቆርጦ በቴሌግራም ስክሪንሾት መላክ ይቅር፣ እባካችሁ። ኔትወርክ ከደከመ ቲኤክስቲው (ተራ የጽሑፍ ፋይሉ) ይበቃል፤ አርሲንክ በሚባለው የፋይል ማመሳሰያ ፕሮግራም ሌሊት ሌሊት ካወረዳችሁ ደግሞ አዲስ የገባውና የተለወጠው ብቻ ይመጣል።